«አይ» እና «ዓይን»፦ የአንድን የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺና ምንጭ ራስን ችሎ ለመፈተሽ

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ቋንቋ ሲወራ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አባባል አለ፦ የእንግሊዝኛው «አይ» ከእኛው «ዓይን» የተወሰደ ነው የሚል። ሲሰሙት ያሳምናል። ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ድምፃቸውም ቢሆን እንግሊዝኛውን በፊደላችን ስንጽፈው የሚጎድለው «ን» ብቻ ነው። አባባሉ ግን ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑንም ማንንም ሳይጠይቁ በአንድ ሰዓት ሥራ ማረጋገጥ ይቻላል።

ከዚህ በታች የምናሳየው አሠራር በይበልጥ የሚጠቅመው በጣና ገዳማት ለሚዞሩ አስጎብኚዎች፣ ለተርጓሚዎችና ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ነው። አንድ ቃል ብቻ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፤ መንገዱን ካወቃችሁት በኋላ ለሌላውም ቃል ይሠራል።

ዝግጅት

አንድ ደብተር፣ እርሳስና ማስመሪያ በቂ ነው። ደብተሩን አግድሙን ያዙና አንዱን ገጽ በአምስት አምድ አስምሩት፦ ቃሉ፣ ቋንቋው፣ ዘመኑ፣ የዚያን ጊዜ ፍቺው፣ ማስረጃው። አብዛኛው ሰው የሚዘለው አምስተኛውን አምድ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። በዚህ አምድ የሚገባው ከሁለት አንዱ ብቻ ነው፦ «ተጽፎ የተገኘ» ወይም «የተገመተ»።

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስትመርጡ ዓይነቱን ለዩ። ለተማሪ የሚዘጋጁት ፍቺዎችን የሚደረድሩት ዛሬ ብዙ ከሚሠራበት ጀምረው ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን የሚጀምረው ከጥንታዊው ፍቺ ነው። የተማሪውን መዝገበ ቃላት ይዞ «አንደኛ የተጻፈው ስለሆነ መነሻው ይህ ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በውስጡ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛ ስታመጡ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

ለግዕዙ በኩል በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት አለ። ይህን መጽሐፍ በሀለሐመ ቅደም ተከተል የሚፈልግ ሰው ገጽ ሲገለብጥ ይውላል፤ የተደረደረው በአበገደ ነው። «ዐ» የምትገኘው ከ«ወ» ቀጥሎ ሳይሆን ከ«ሠ» በኋላ፣ ከ«ፈ» በፊት ነው። የቮልፍ ሌስላው የግዕዝ ንጽጽር መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው፣ ግዕዙን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። እዚያ ውስጥ «ዐ» የምትታየው ከቃሉ ፊት በተንጠለጠለች ግማሽ ቀለበት በምትመስል ትንሽ ምልክት ነው። ምልክቷን እንደ ጭረት ቆጥሮ ያለፋት ሰው ቃሉን ከ«አ» ጋር ይፈልገዋል፣ አያገኘውምም።

ሁለት ምልክቶችን አስቀድማችሁ እወቁ። ከቃል ፊት የተቀመጠች ኮከብ ቃሉ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ እንዳልተገኘ፣ ከዘመድ ቋንቋዎች ተሰልቶ እንደ ተገመተ ትናገራለች። ያቺን ኮከብ ሳትገለብጡ ቃሉን ብቻ ብትገለብጡ ግምቱን ማስረጃ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሁለተኛዋ በሂሳብ «ያንሳል» የምንላት ምልክት ናት፤ ሹሉ ጫፏ ወደ ልጁ፣ የተከፈተው አፏ ወደ እናቱ ያያል። ገልብጦ ያነበባት አያትን የልጅ ልጅ ያደርጋል።

መጀመሪያ ድምፁንና አጻጻፉን መለየት

«አይ» የሚጻፈው በሦስት የላቲን ፊደላት ነው፦ ኢ፣ ዋይ፣ ኢ። ከፊትም ከኋላም ቢነበብ አንድ ነው። በድምፅ ግን ብቻውን አይደለም። «እኔ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም «አይ» ነው፤ መርከበኞች «እሺ» የሚሉበትም «አይ» ነው። (በእኛ ደግሞ «አይ» ብሎ ራሱን የነቀነቀ ሰው እንቢ ማለቱ ነው፤ የጀልባ ላይ ንግግር እዚህ ላይ ሊቃወስ ይችላል።)

እነዚህን ሦስቱን መለየት ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። «እኔ» የሚለው «አይ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኢች» ነበር፤ ጀርመንኛው ዛሬም ቅርብ ነው። የአካል ክፍሉ «አይ» ደግሞ «ኤአጌ» ነበር። «ኢች» እና «ኤአጌ» አይመሳሰሉም። አንዱ «ች»ን፣ ሌላው «ግ»ን እየጣለ መጥቶ ዛሬ አንድ ድምፅ ላይ ተገጣጠሙ። ስለዚህ የዛሬ ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በዚያው በአንዱ ቋንቋ ውስጥ እንኳ ባዕዳን ቃላት እየተራመዱ መጥተው ይገናኛሉ።

ወደ ኋላ መሄድ

አሁን ገጹን ከላይ ወደ ታች ሙሉ። አንደኛው መስመር የዛሬው «አይ» ነው። ሁለተኛው በግምት ከ1100 እስከ 1500 እ.ኤ.አ. የተነገረው የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ነው፤ አጻጻፉ ብዙ ዓይነት ቢሆንም «ኢየ» የሚመስለው ይበዛል። ሦስተኛው የጥንቱ እንግሊዝኛ «ኤአጌ» ነው። እነዚህ ሦስቱ ተጽፈው የተገኙ ናቸው። «ግ»ዋ ጠንካራ አልነበረችም፤ ከጉሮሮ የምትሳብ ልል ድምፅ ነበረች፤ ላልታ ላልታ «ይ» ሆነች። ጀርመንኛ ግን እስከ ዛሬ ይዟታል፦ «አውገ»።

አራተኛው መስመር ኮከብ ያስፈልገዋል፦ «*አውጎ»፣ የጀርመናውያን ቋንቋዎች የጋራ እናት ላይ የተገመተው ቅርጽ። አምስተኛው ደግሞ የላቲን «ኦኩሉስ»፣ የሩሲያኛ «ኦኮ»፣ የሊቱዌንያ «አኪስ» እና የሳንስክሪት «አክሺ» በአንድነት የሚያደርሱበት ሥር ነው፦ «*ኦኵ»፣ ማየት። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ይመቻል። በላቲን ፊደል ሁለት ምልክት የሚጠይቀውን ያን የከንፈር «ክ» እኛ በአንዲት «ኵ» እንጨርሰዋለን።

«ኦ» እንዴት «አው» ሆነ? ይህ በድምፅ ሕጉ መሠረት የሚጠበቅ አልነበረም። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚሰጡት ማብራሪያ «ጆሮ» የሚለው ቃል ጎትቶታል የሚል ነው፤ በጀርመናውያኑ ቋንቋዎች ጆሮም በ«አው» ይጀምር ነበርና። ጥንድ ሆነው የሚጠሩ ቃላት እንደ በሬ ጥማድ አንዱ የሌላውን እርምጃ ይይዛል።

ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በዚያ ዘመን የ«አይ» ብዙ ቁጥር «ኢየን» ነበር፤ ቀደም ብሎም «ኤአጋን»። «ያውላችሁ ‹ን›ዋ፣ ‹ዓይን› ሆነ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህቺ «ን» ግን የእርባታ ጭራ ናት። ነጠላው ላይ የለችም፤ ላቲኑና ሩሲያኛው ላይም የለችም። ዛሬ «ኦክሰን»፣ ማለትም በሬዎች፣ ላይ የቀረችው ያቺው የብዙ ቁጥር «ን» ናት። አንድን ድምፅ የሥሩ አካል ነው ከማለታችሁ በፊት ቃሉን በነጠላም በብዙም ተመልከቱት።

የእኛንም በዚያው መንገድ መፈተሽ

ሌላ ገጽ አስምሩ። አማርኛ «ዓይን»፣ ትግርኛ «ዓይኒ»፣ ግዕዝ «ዐይን»፣ ዐረብኛ «ዐይን»፣ ዕብራይስጥ «ዐይን»፤ ከ4000 ዓመት በፊት በሸክላ ላይ ይጻፍ የነበረው አካድኛ ደግሞ «ኢኑ»። ሥሩ ሦስት ተናባቢ ነው፦ ዐ፣ የ፣ ነ። አማርኛ «ዐ»ን ከ«አ» ለይቶ መጥራት ስለ ተወ ለጆሮ «አይን» ይመስለናል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ግን ከጉሮሮው ያወጣታል። ያቺ የጠፋችብን ድምፅ ናት «አይ»ንና «ዓይን»ን መንታ ያስመሰለቻቸው።

ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ላይ ላይ «አይ» እና «ዓይን» ይቀራረባሉ። አንድ መስመር ስትወርዱ «ኤአጌ» እና «ዐይን» ይሆናሉ፤ ጨርሶ ታች ላይ «*ኦኵ» እና «ዐይን»። አንድም የጋራ ተናባቢ አልቀረም። ፈተናው ይኸው ነው፦ ዘመዳሞች ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ይቀራረባሉ፣ ባዕዳን በሄዱ ቁጥር ይራራቃሉ። የግልገል ዓባይንና የርብን ውሃ ጣና ላይ ቀድቶ መለየት አይቻልም፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን አንዱ ሰከላ፣ ሌላው ጉና ተራራ ላይ ያደርሳል።

ይህ መገጣጠም ብርቅ አይደለም፤ በዚሁ በዓይን ላይ የባሰ አለ። የዛሬው ግሪክኛ ዓይንን «ማቲ» ይለዋል፤ ማላይኛ ደግሞ «ማታ»። ግሪክኛው የመጣው በጥንቱ ቋንቋ «ኦማ» ከሚለው ሲሆን እሱም የ«*ኦኵ» ልጅ ነው። ማላይኛው ግሪኮች ከማያውቁት ከደቡብ ባሕር ደሴቶች የቋንቋ ቤተሰብ ነው። ሁለቱን ያገናኘው አጋጣሚ ብቻ ነው።

«አየ» የሚለው ግስስ? ብዙ ሰው «ዓይን»ና «አየ» እናትና ልጅ ይመስሉታል። «አየ»ን ወደ ኋላ ብትከተሉት ግዕዝ «ርእየ» ላይ ያደርሳችኋል፤ «ራእይ» የሚለውም ከዚያው ነው፣ ትግርኛም «ረአየ» ይላል። አማርኛ «ር»ን ጣለ፣ የተረፈው «አየ» ሆነ። «ዐይን» ውስጥ «ር» የለችም፣ «ርእየ» ውስጥ «ን» የለችም። በገዛ ቋንቋችን ውስጥ እንዲህ ከሆነ ከእንግሊዝኛ ጋር ስናወዳድር ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

እውነተኛው ዝምድና ያለው ፊደሉ ላይ ነው

ዝምድና ፈልጎ ለመጣ ሰው ግን ባዶ እጁን የሚመለስበት ምክንያት የለም። ቃሉን ይተውና ፊደሉን ይመልከት። የግዕዝ ፊደላት ስም ካላቸው መካከል «ዐ» ስሟ «ዐይን» ነው፤ ቅርጿም ክብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት ሴማውያን ፊደል ሲቀርጹ ይህን ድምፅ የጻፉት ዓይን ሥለው ነው። ሥዕሉ እየቀለለ ክብ ሆነ። አንዱ ቅርንጫፍ በደቡብ ዐረብ በኩል ወደ አክሱም መጥቶ «ዐ» ሆነ። ሌላው በፊንቄያውያን በኩል ወደ ግሪክ ሄደ። ግሪኮች የጉሮሮዋ ድምፅ በቋንቋቸው ስላልነበረች ምልክቷን ለ«ኦ» አዋሏት፤ ከእነሱ ለሮማውያን፣ ከሮማውያን ለእንግሊዞች ደረሰች። የእንግሊዝኛዋ ክብ «ኦ»ና የእኛዋ «ዐ» የአንድ ሥዕል ልጆች ናቸው። በአጋጣሚ እንግሊዝኛው «አይ» ሲጻፍ ያቺ ፊደል የለችበትም።

ለውጭ ሰው ስትናገሩ ይህን ብትነግሩት ትክክልም ነው፣ ከተሳሳተው አባባልም ይበልጥ ያስደንቃል።

የ«አይ» ቤተሰቦች

በእንግሊዝኛ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ልጆቹን ማወቅ የቃሉን ፍቺ ያሰፋል። «ዴይዚ» የምትባለው አበባ በጥንቱ እንግሊዝኛ «የቀን ዓይን» ነበረች፤ ጠዋት ተከፍታ ማታ ትከደናለች። «አደይ አበባ» ብላችሁ አትተርጉሟት፤ በእጽዋት ቤተሰብ አንድ ቢሆኑም ዝርያቸው ይለያል። «ዊንዶው»፣ መስኮት፣ ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች ጥንታዊ ቋንቋ የመጣ «የነፋስ ዓይን» ነው። እንግሊዞች ከዚያ በፊት የነበራቸው ቃል «የዓይን ቀዳዳ» የሚል ነበር፤ «ቀዳዳ» የሚለው ያ ክፍል ዛሬ በአፍንጫ ቀዳዳ ስም፣ በ«ኖስትሪል»፣ መጨረሻ ላይ ተሸሽጎ ቀርቷል።

በላቲን በኩል ከ«ኦኩሉስ» የመጡት «ባይኖኩላር» (በጣና ወፍ የሚያዩ እንግዶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት) እና «ኢኖኩሌት» ናቸው። ሁለተኛው ታሪኩ ጣፋጭ ነው። ሮማውያን በዛፍ ላይ ያለውን እምቡጥ «ዓይን» ይሉት ነበር። አንዱን እምቡጥ ቆርጦ በሌላ ዛፍ ቅርፊት ውስጥ መትከል፣ ዛሬ ብርቱካንና ሎሚ የሚያዳቅሉ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ፣ «ዓይን ማስገባት» ተባለ። በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የፈንጣጣን ቁስል ፈሳሽ በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ ማስገባት ሲጀመር ቃሉ ከአትክልት ወደ ሐኪም ተሻገረ። የእኛው «መከተብ» ደግሞ ከጽሕፈት የመጣ ነው፤ «ክታብ» ዘመዱ ነው። እነሱ ከእርሻ፣ እኛ ከብዕር።

ዘመድ የማይሆነውን ደግሞ እንወቅ፤ ሐይቅ ላይ ስለምንኖር ይህኛው በቀጥታ ይመለከተናል። «አይላንድ»፣ ደሴት፣ «የዓይን ምድር» አይደለም። ክብ ሆኖ ውሃ መሐል ስለሚታይ ነው የሚለው ማብራሪያ ደቅን ወይም ዳጋን ሲያሳዩ ይጥማል፤ ግን ልብ ወለድ ነው። ጥንቱ «ኢየግላንድ» ነበር፣ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ደሴት ማለት ሲሆን ምንጩም ውሃ የሚል ቃል ነው። በመሐሉ የምትጻፈውና የማትነበበው «ኤስ» ኋላ የገባች ናት። ከፈረንሳይኛ የመጣውንና ከላቲን «ኢንሱላ» የሚወለደውን ሌላ ቃል ዘመዱ መስሏቸው ጸሐፊዎች ጨመሯት። እንግሊዝ ውስጥ «አይ» የሚባሉ ቦታዎችም አሉ፤ እነሱም ከደሴቱ ናቸው እንጂ ከዓይኑ አይደሉም።

ፍቺዎቹን ወደ አማርኛ ማምጣት

ምንጩ ከታወቀ በኋላ የዛሬዎቹ ፍቺዎች ይመደባሉ። ከአካሉ ቀጥሎ ትልቁ ምድብ ክብ ቀዳዳ ወይም ቀለበት ነው። የመርፌው «አይ» በእኛ የመርፌ ቀዳዳ ነው። በጀልባ ሥራ «አይ» ሲባል የገመዱ ጫፍ ወደ ራሱ ታጥፎ የተጎነጎነበት ቀለበት ነው። ጉንጉኑ ለቃጫ ገመድ ቢያንስ 3 ዙር፣ ለሚያንሸራትተው ለናይለን 5 ዙር ያህል በሌላው ፈትል ሥር መግባት አለበት፤ ካነሰ ጀልባው ሲጎትት ይፈታል። ይህን ለውጭ ጎብኚ «ሆል» ብትሉት ገመዱ የተቀደደ ይመስለዋል።

የእንጀራ ዓይን ለመተርጎም ከሁሉ ይቀላል። እንግሊዞችም በአይብ ላይ ያለውን ቀዳዳ «አይ» ነው የሚሉት፤ የሁለቱም መነሻ ጥቃቅን ሕዋሳት ያወጡት ጋዝ ነው። ስለዚህ «አይስ» ብትሉ ይገባቸዋል። የድንች ዓይንም በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ዘር ድንች የሚቆርጥ ገበሬ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓይን ማስቀረት እንዳለበት ያውቃል፣ ቡቃያው የሚወጣው ከዚያ ነውና።

የምንጭ ዓይን ግን አያልፍም። ዐረብኛና ዕብራይስጥም እንደ እኛ ዓይንንና ምንጭን በአንድ ቃል ይጠራሉ። የሴም ዘመድ ያልሆኑት ፋርስኛና አርመንኛ እንኳ ምንጭን ከዓይን ሰይመዋል፤ ስለዚህ የምሳሌ መመሳሰልም ቢሆን ለዝምድና ማስረጃ አይሆንም። የዛሬው እንግሊዝኛ ይህ ልማድ የለውም። ሰከላ ላይ ቆሞ «የዓባይ አይ» ማለት ለሰሚው ግራ ነው፤ «ስፕሪንግ» ወይም «ሶርስ» በሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የተጠቀመበት «ፋውንቴን» በዘመኑ ምንጭ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ሰሚው የሚያስበው በአደባባይ ወደ ላይ የሚረጭ ውሃ ነው። በዚያው ሌላም የአካል ክፍል ይታረም፦ ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታ «ማውዝ» አትበሉት። በእንግሊዝኛ የወንዝ አፍ ወንዙ የሚገባበት ነው። የግልገል ዓባይ «ማውዝ» ጣና ላይ ነው፤ የእኛው «አውትሌት» ይባላል።

ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለሚያስጎበኝ ሰው ከባዱ ሌላ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን «ዋን አይድ» ብሎ መተርጎም ሰውየው አንድ ዓይኑ ጠፍቷል ማለት ይሆናል። «ኢን ፕሮፋይል» በሉና አንድ ዓይን ብቻ ይታያል ብላችሁ አክሉ።

«ኢቭል አይ» ለ«ቡዳ» ግማሽ ትርጉም ነው። እንግሊዝኛው የሚናገረው ስለ አስተያየቱ፣ ስለሚወጋው ዕይታ ነው፤ የእኛ «ቡዳ» ሰውየው ራሱም ነው። «የሰው ዓይን ነካው» ለሚለው እንግሊዝኛው ይበቃል፣ «እሱ ቡዳ ነው» ለሚለው ግን «አለው» የሚል ግስ ካልተጨመረ ሰውየው ዓይን ሆነ ማለት ነው።

ፈሊጦችን ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው መከራ ያያል። «ዓይን አውጣ» ዓይን የሚጓጉጥ ጨካኝ አይደለም፣ ኀፍረተ ቢስ ነው። «ዓይኑን በጨው አጥቦ» የመጣን ሰው ጨውን ሳትጠቅሱ ድፍረቱን ብቻ ተርጉሙ። «ዓይን አዋጅ ሆነብኝ» ምርጫ በዝቶ መወሰን ማቃት ነው። ከወዲያ ሲመጣ ደግሞ፦ «ብላይንድ አይ» የመለሰ ሰው አይቶ እንዳላየ ያለፈ ነው፤ «አይ ቱ አይ» የሚተያዩ ሰዎች ተስማምተዋል እንጂ አልተፋጠጡም። «የዓይኔ አፕል» ሲሏችሁ ፖም አትፈልጉ፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ያ ቃል የዓይንን ብሌን ይጠራ ነበርና «የዓይኔ ብሌን» ማለት ነው። ላቲኑ ብሌንን «ትንሽ አሻንጉሊት» ይለዋል፤ ከሰው ዓይን ውስጥ የምናያት የራሳችን ትንሽ ምስል ናት። የዕብራይስጡም «ትንሽ ሰው» ተብሎ ይተረጎማል። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመድ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር አይተዋል።

የማዕበል «አይ»፣ በትልቁ አውሎ ነፋስ መሐል ያለው ጸጥ ያለ ክብ፣ በእኛ ልማድ ከዓይን ይልቅ እምብርት ይስማማዋል፤ መሐል የሆነን ነገር የምንጠራው በእምብርት ነውና።

ገጹን መዝጋት

ሲያልቅ ገጹ ግርጌ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ ከማን ጋር እንደማይዛመድ፣ ለምን። ለ«አይ» እንዲህ ይሆናል፦ «ከአውገ፣ ከኦኩሉስና ከኦኮ ጋር ዘመድ። ከዓይን፣ ከአየ፣ ከአይላንድ ጋር ባዕድ። ጥንታዊ ቅርጾቹ ይራራቃሉ፤ ‹ኢየን› ላይ ያለችው ‹ን› የእርባታ ናት።» የተገመቱት ሁሉ ኮከባቸውን መያዛቸውን አንድ ጊዜ ፈትሹ።

ለልምምድ ቀጥሎ የሚመቸው «ኒ»፣ ጉልበት፣ ነው። ሲጻፍ ፊቱ ላይ የማትነበብ «ክ» አለች፤ ጀርመኖች ግን ዛሬም «ክኒ» ብለው ያነቧታል፤ ላቲኑ «ጌኑ»፣ ግሪኩ «ጎኑ» ይላል። በእኛ በኩል ደግሞ ግዕዙ «ብርክ» ነው፤ «ብርክ ያዘው» ስንል የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው፤ «ተንበረከከ»ም ከዚያው ነው። አማርኛ ግን ለአካሉ የያዘው «ጉልበት» የሚለውን ነው፤ ኃይልንም ሠራተኛ የሚሸጠውን ድካምም የምንጠራበትን። ገጹን ገልብጡና አምስቱን አምድ አስምሩ።